«አውቶማቲክ ብቻ» ለሚለው መንጃ ፈቃድ የቀረበ ምስጋና

ለተሽከርካሪና አሽከርካሪ ጉዳዮች ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር፣

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ በተለይም ሁለቱ እግሮችዎ፣ እንደምን አሉ? ግራው እንደ ቀኙ ይታዘዝልዎት ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ግራ እግር በመሥሪያ ቤትዎ ዘንድ ምን ያህል ክብር እንዳለው ሦስት ዓመት ሙሉ ስለተማርኩ ነው።

እኔ የካምቢዮ መካኒክ ነኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ከመኪና ሆድ ሥር ተንጋልዬ ኖሬያለሁ። ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ከከተማው ወጣ ብለው ባሉ አምስት ጤና ጣቢያዎች መኪናዋን እየነዳች ታዋልድ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አንጎሏ ውስጥ ደም ፈሰሰና ግራ ጎኗን ያዛት። እጇ ዳነ፤ ምላሷም ዳነ፣ ለዚህኛው ጎረቤቱ ሁሉ ምስክር ነው። ግራ እግሯ ግን ፍሪሲዮን መርገጡ ይቅርና ነጠላ ጫማም አይዝላትም።

የመሥሪያ ቤትዎ አራተኛ መስኮት የሐኪም ወረቀቷን ተቀብሎ፣ አሮጌውን መንጃ ፈቃድ ሰብስቦ፣ በፎቶዋ ግርጌ «አውቶማቲክ ብቻ» ተብሎ የታተመበት አዲስ ካርድ ሰጣት። ያን ቀን ካርዱን እያገላበጠች ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ወራት አልፎ ነበርና እርስዎን ከልቤ መረቅኩ፤ ምርቃቴን መልሱልኝ አልልም። ዘጠነኛው መስኮት ግን እዚያው ኮሪደር ላይ፣ በእኔ እርምጃ ሃያ፣ በእሷ እርምጃ ሃምሳ ርቆ ይገኛል። የምንፈልገው መኪና በእጅ ማርሽ ካልሆነ በቀር ወደ አገር እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው። ሁለቱ መስኮቶች በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ተኳርፈው ከሆነ ሽማግሌ ልላክ?

ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር የሌለውን ነገር እንደማያነብ አውቃለሁ።

አንደኛ፦ መኪናው ክሮስኦቨር የሚሉት ዓይነት ነው፤ ከቤት መኪና ከፍ፣ ከጂፕ ዝቅ ያለ፣ ወደ ጤና ጣቢያዎቹ የሚወስደውን ኮረኮንች የሚችል። አንዱን ሞዴል በአራት ገበያ አጠያየቅን፣ በደብተርም ጻፍን። በገንዘብ ብነግርዎ ነገ ስለሚለወጥ በአዋላጅ ደመወዝ ልንገርዎ። መኪናው በተፈለሰፈበት አገር አንዲት አዋላጅ የአንድ ዓመት ደመወዟን ከፍላ ትወስደዋለች፤ የእጅ ማርሽ ልግዛ ብትል ሻጩ ታማ እንደሆነ ይጠይቃታል። ባሕር ማዶ ባለው ሁለተኛው ገበያ ሁለቱም ዓይነት አለ፤ አውቶማቲኩን የመረጠች የሦስት ወር ደመወዝ ትጨምራለች። ከድንበሩ ወዲያ፣ ከእኛ ብዙም በማይሻሉት ጎረቤቶቻችን ዘንድ፣ የአራት ዓመት ደመወዝ ነው፤ አውቶማቲክ፣ አምስት ቀለም፣ ሁለት ሳምንት ጥበቃ። እኛ ዘንድ የአሥራ አንድ ዓመት ደመወዝ፣ የእጅ ማርሽ ብቻ፣ ነጭ ብቻ፣ አሥራ አራት ወር ጥበቃ። ለእኛና ለመሰሎቻችን ተብሎ የእጅ ማርሹን የሚገጥም ፋብሪካ ለብቻው እንዳለ ስሰማ፣ ይህን ያህል ስለታሰበልን ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ባለቤቴ ከአባቷ የወረሰችውን ቦታ ሸጣለች። አሥራ አንዱንም ዓመት ልንከፍል ተዘጋጅተን ነበር። የሚሸጥልን አጣን እንጂ።

ሁለተኛ፦ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ከሞተር ብስክሌት የፈታሁትን የፍሪሲዮን እጀታ በአሮጌዋ መኪናችን ማርሽ ዘንግ ላይ ገጠምኩና ባለቤቴ በጣቶቿ እየጨበጠች ማርሽ እንድትቀይር አደረግሁ። ሠራ፤ ግቢያችንን ሦስቴ ዞረችበት። ለዓመታዊ ምርመራ ስንወስደው መርማሪዎ እጀታውን አይቶ «አባቴ፣ እጅዎ ይባረክ» አለኝ፤ ባልደረቦቹን ጠራ፤ ተራ በተራ ጨበጡት፤ ፎቶም አነሱት። ከዚያ ያልተፈቀደ ለውጥ ነው ብለው እዚያው ቆመው አስፈቱኝ። ፎቶው በስልካቸው እንዳለ እገምታለሁ፤ ለማስታወሻ ይሁናቸው።

ሦስተኛ፦ አውቶማቲኩ ለምን እንደማይፈቀድ በትሕትና ብንጠይቅ ስልሳ ሁለት ገጽ የገበያ ጥናት በነጻ ሰጣችሁን። «የአገራችን ሕዝብ አውቶማቲክ አይፈልግም» ይላል። ጥናቱ የተሠራው መኪና ያላቸውን ሰዎች ምን እንደሚነዱ በመጠየቅ ነው። ሁሉም የእጅ ማርሽ አሉ፤ ሌላ ምን ይበሉ? ጉድጓድ በሌለበት መንደር ውሃ የሚቀዳ ሰው አላየንምና ውሃ አይጠማቸውም እንደማለት ነው። ገጽ አሥራ አራት ላይማ ምስክር ቆጥራችኋል፦ «አንድ ከሠላሳ ዓመት በላይ ልምድ ያለው የካምቢዮ ባለሙያ፣ አውቶማቲክ ይዞ የመጣ ደንበኛ በዕድሜው እንዳላጋጠመው አረጋግጧል።» ድንቅ ባለሙያ ነው።

አራተኛ፦ ይህ ቅሬታ አይደለም፣ ትዝብት ነው። አጥኚዎችዎ ወደ መካኒኮች ሰፈር የመጡት በዚያው በምንፈልገው ክሮስኦቨር ነበር፤ አውቶማቲክ፣ ያውም ግራጫ። ለመንግሥት ሥራ በልዩ ፈቃድ ይገባል አሉ። ባለቤቴ የዚያን ዕለት ምሳዬን ልታመጣልኝ በኮንትራት ታክሲ መጥታ ነበር። ኋላ እንደነገረችኝ፣ የአጥኚዎቹን ሹፌር «ወንድሜ፣ አንዴ ብቻ ልቀመጥበት» ብላ ለመነችው፤ እሱም ደግ ሰው ነውና በሩን ከፈተላት። መሪውን ያዘች። ቀኝ እግሯን ፍሬኑ ላይ አሳረፈች። ግራው ምንም ሳይጠየቅ ጥግ ላይ ቁጭ አለ። «በቃ፣ ልክ ነው» አለችው። ሹፌሩ አጥኚዎቹ እስኪወጡ ሩብ ሰዓት አስቀመጣት፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ከመሥሪያ ቤትዎ ያገኘነው ትልቁ አገልግሎት ይህ ነው።

አሁን ባለቤቴ ከሶፋ ላይ በስልክ ታዋልዳለች። በጤና ጣቢያዎቹ ያሉት ልጅ እግር ነርሶች ሲጨንቃቸው ይደውሉላታል፣ እሷም «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እጅሽን እዚህ ጋ አድርጊ» እያለች ታዛለች። ብዙውን ጊዜ ይሳካል። ባለፈው ወር ግን መስመሩ ተቋረጠ፤ ተመልሶ ሲገኝ ሕፃኑ በሕይወት አልነበረም። ጤና ጣቢያው በመኪና የሃያ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኩ ሲጮህ አንስቼ የምሰጣት እኔ ነኝ።

የፊታችን ሰኞ «አውቶማቲክ ብቻ» የሚለው ካርድ ጊዜው ያበቃል። ለማሳደስ በራሷ አውቶማቲክ መኪና የተግባር ፈተና ትፈተን ዘንድ አራተኛው መስኮት አዟል፤ መኪናውን ዘጠነኛው ከልክሏል። ደብዳቤዬ መልስ ያመጣል ብዬ አይደለም የምጽፈው። ተስፋዬን ካሟጠጥኩ ቆይቻለሁ፤ ባለቤቴ ግን ሰኞ የምትለብሰውን ልብስ ትናንት ተኩሳ ሰቅላለች።

እንግዲህ ላደረጋችሁልን ሁሉ፣ ለካርዱ፣ ለጥናቱ፣ ለፎቶውና ለሩብ ሰዓቱ፣ ምስጋናዬን ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ፤ ዝቅ ማለት ለእኔ የቆየ ሥራዬ ነው። የቢሮዎ ደረጃ ለግራም ለቀኝም እግርዎ የተመቸ ይሁን።

የካምቢዮ መካኒኩ፣ የአዋላጇ ባል

ምስጋና ሳይሆን ማሳሰቢያ እንበለው፦ ባለቤቴ ጥናቱን ስታነብ ገጽ አሥራ አራት ላይ ደርሳ «ይሄ ደንቆሮ መካኒክ ማነው? ታውቀዋለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ እንጃ አልኳት። ያ ባለሙያ እኔ ነኝ። አጥኚው ስለ ደንበኞቼ ጠየቀኝ፣ እኔም ጋራዤ ውስጥ ደረቴን ነፍቼ እውነቱን መለስኩ፤ ስለ ቤቴ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አላነሳሁም። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለጋዜጣ ልኬያለሁ፤ ባለቤቴ ይህን የምታውቀው ጋዜጣውን ስታነብ ነው። ደንበኛ አላጋጠመኝም ብዬ ስፈርም፣ እሷ ደጅ መኪናችሁ ውስጥ ተቀምጣ መሪውን ይዛ ነበር።