የሸንበቆ ማዶ ጭስ

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ ፭

ሠላሳ ሰባት፣ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ስድስት፣ ባዶ። የዛሬ ሥራዬ ይኸው ነው።

ጎሕ ሲቀድ ከፀዳ አጥቢያ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥቼ ጭስ ቆጠርኩ። አንድ ጭስ፣ አንድ ቤት። በር እያንኳኳሁ ብዞር ባላገሩ ግብር ሊጨመርብኝ ነው ብሎ ግማሹ ይደበቃል፣ ግማሹ ይዋሻል። ጭስ ግን አይዋሽም። ዘዴው የራሴ ነው። ስድስት አጥቢያ በዚሁ ጨርሻለሁ፤ ጫማዬም አላለቀም።

ባዶ ያልኩት ከሸንበቆ ወንዝ ማዶ ያለውን ሜዳ ነው። በዛፎቹ መሃል የሣር ጣራ ጫፍ ጫፉ ይታያል። ጭስ ግን የለም፣ የሚንቀሳቀስ ሰውም የለም። የአገሩ ጭቃ ሹም አያ ገብሬ አብረውኝ ነበሩ። ማዶ ባለርስት አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። የለም አሉ። እንግዲያ ጣራው የእህል ጎተራ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ብርዱ ጣት ያደርቃል። እርሳሴ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ ፮

ቅዳሴ ቆሜ ልቤ የማወጣው ደንብ ላይ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ለምክትል ወረዳው የቦታ ድልድል ደንብ አውጣ ከተባልኩ ሁለት ወር ሆነኝ። የት ቤት ይሠራ፣ የት ይታረስ፣ የት ይገበያይ፣ የት ከብት ይዋል። ቢጫ መኖሪያ፣ ቡና ዓይነት እርሻ፣ ቀይ ገበያ፣ አረንጓዴ የከብት መዋያና የከብት ገበያ። የከብት ገበያው እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው፤ ካህናቱ እበት እየረገጡ ነው የሚገቡት። ቦታ ጠፍቶ ነበር። አሁን ተገኘ፤ የሸንበቆ ማዶ ሜዳ። ውሃው አጠገቡ፣ መሬቱ ለጥ ያለ፣ ሰው የለበት።

ከሰዓት በኋላ አንቀጽ አራትን ጻፍኩ። «በአረንጓዴው ክልል ቤት መሥራት ክልክል ነው። ተሠርቶ የተገኘም በሦስት ወር ውስጥ ይፍረስ።» አጭር፣ ቁርጥ ያለ። ደግሜ ደግሜ አነበብኩት። ወደድኩት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ ፯

ካርታው በቀለም ወጣ። ጣልያን ትቶት የሄደው ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ እንዳልኩ ዋልኩ፤ ወገቤ የኔ አይደለም። አንድም ጠብታ አልፈሰሰም።

አለቃዬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ብዙ አዩት። እሳቸው ሰው አያመሰግኑም። ዛሬ ግን «ሸጋ ነው» አሉ። ዓርብ ከሰዓት ይዘውት ወደ ገዥው ይቀርባሉ። ከተወደደ የንድፍ ክፍሉ ኃላፊነት የአንተ ነው አሉኝ። ስምንት ዓመት የሌላ ሰው መሥመር ሳደምቅ ኖሬ! ደረጃውን ስወርድ እንደ ልጅ ሁለት ሁለቱን ዘለልኩ። ማንም አላየኝም መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ ፰

አያ ገብሬ ቢሮ ድረስ መጡ። ካርታውን አሳየኋቸው፤ ስለ ቀለሙ አልጠየቁም፤ ማዶው የት ጋ ነው ብቻ አሉ። ጣቴን ሳስቀምጥላቸው ፈገግ አሉ። ከብት ገበያው ከእርሻቸው ጥግ ሊሆን ነው፤ ቢደሰቱ አይፈረድም። አንቀጽ አራትን አንብብልኝ አሉ፤ አነበብኩ። ድገመው አሉ፤ ደገምኩ። በቃላቸው ይዘውት ሄዱ።

ሰው ስለ ደንብ እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም። ይኸ ነገር ትንሽ ቆረቆረኝ፤ ለምን እንደሁ ግን እንጃ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ ፱

ወይ አበሳዬ።

ዘበኛው አንዲት ሴት ውጭ ቆማ ትፈልግሃለች አለኝ፤ ግቢ ብላት እንቢ አለች። ወጣሁ። ዕድሜዋ ከእናቴ አያንስም። ስሟ ትርንጎ። ካጥሩ ራቅ ብላ ቆማ ወንበር ሲሰጧት አልነካም አለች። ቤተ እስራኤል ናት፤ ልማዳቸውን አውቃለሁ። የሌላ እምነት ሰው ከነካት ወንዝ ወርዳ ሳትታጠብ ቤቷ አትገባም። እዚህ ድረስ በእግሯ መጥታ፣ ማንም እንዳይነካት መንገዱን ሁሉ ዳር ዳሩን ይዛ።

ሸክላ ሠሪ ናት። ከሸንበቆ ማዶ ነኝ አለች።

ማዶ ሰው የለም ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ ቀደመችኝ፤ አያ ገብሬ ትናንት ማታውኑ መንደሩን ሰብስበው በሦስት ወር ውስጥ አፍርሳችሁ ውጡ፣ ከጎንደር ደንብ ወጥቷል ብለዋቸዋል። ሴትዮዋ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። «ምነው ጌታዬ፣ ምን አጠፋን?» አለች እንጂ። ጭስ ቆጥሬ አንድም አለማግኘቴን ነገርኳት። በየትኛው ቀን ቆጠሩ አለችኝ።

ቅዳሜ።

«ሰንበታችን ነዋ» አለች። «ቅዳሜ ማን እሳት ያነዳል?»

ጎንደር ተወልጄ፣ ጎንደር አድጌ! ቤተ እስራኤል ቅዳሜ እሳት እንደማይነኩ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እኛ ክርስቲያኖቹም ቅዳሜ አናርስም፤ እርሻው ላይ ሰው አለመኖሩ ለዚህ ነው ያልገረመኝ። ግን እኛ እሳት እናነዳለን። ባለርስት አለ ወይ ብዬም ጠየቅሁ እንጂ ሰው አለ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። አያ ገብሬ አልዋሹም። የማዶዎቹ ጭሰኛ እንጂ ባለርስት አይደሉም። ጭሱም አልዋሸም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ያልኩት እኔው ነኝ።

ሌላ ቦታ ቢሰጣችሁስ አልኳት። አፌ ቀድሞኝ ያልኩት ነው። ወንዝ የሌለበት አንኖርም፣ ሴቶቻችን ያለ ወንዝ ቤት አይገቡም አለች። ሸክላ የምንሠራበትም የሸንበቆ ጭቃ ነው፤ የሌላው ሲተኮስ ይሰነጠቃል አለች።

አጣራለሁ ብዬ መለስኳት። እግዜር ይስጥልኝ ብላ ሄደች። ቤት ገብቼ ከእንስራው ውሃ ስቀዳ እጄ ቆመ። ስድስት ዓመት የጠጣሁበት እንስራ ነው። የማን እጅ እንደሠራው አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ ፲

በአዘዞ በኩል የሚሄድ የጭነት ማኪና አግኝቼ ፀሐይ ሳትወጣ ጉብታው ላይ ደረስኩ። ሳይሆን ይቀር ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረኝ፤ ልዋሽ አልችልም።

ፀሐይ ስትፈነጥቅ ከዛፎቹ መሃል አንድ ጭስ ወጣ። ከዚያ ሦስት። ከዚያ መቁጠር አቃተኝና እንደገና ጀመርኩ። ሠላሳ አራት። ከወንዙ ዳር ደግሞ ሸክላ የሚተኮስበት ወፍራም ጥቁር ጭስ። የብረት መቀጥቀጫ ድምፅ እስከ ጉብታው ይሰማል። ቅዳሜ ይኸ ሁሉ ሰው እዚያው ነበር።

ቢሮ ተመለስኩ። አለቃዬ ሁለቴ በክፍሌ በር አለፉ። ሁለቴም ቀና አላልኩም። ነገሩ ግልጽ ነው። ይኸን ካመንኩ የስድስቱም አጥቢያ ቆጠራ ይጠየቃል፤ ኃላፊነቱም ይቀራል። ከራስ በላይ ነፋስ ይላል ሰው። እኔም አልኩት። ደግሞ ጭሰኞች ናቸው፣ ባለመሬቱ ነገ ውጡ ቢላቸው ማን ያስጥላቸዋል አልኩ። ምክንያት መቼ ጠፍቶኝ ያውቃል።

በጣልያን ጊዜ ከተማውን ለነጭና ለአገሬው ሲከፍሉት የመለኪያውን ገመድ ጫፍ የያዝኩ እኔ ነበርኩ። መሥመሩ የአክስቴን ቤት ቆርጦ አለፈ። መሐንዲሱ ምን ቤት አለ ነበር ያለው። እኔም ገመዱን አልለቀቅሁም። ስለዚህ ጉዳይ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እዚህ ጻፍኩት፤ ምን እንደሚጠቅም እንጃ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ ፲፩

ነገርኳቸው።

ቆሜ፣ ባርኔጣዬን ይዤ፣ ከቅዳሜ ጀምሬ እስከ ትላንት። አለቃዬ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «በር ማንኳኳት ምን ነበረበት?» አሉ። ጭስ አይዋሽም ልል ነበር፤ ዋጥኩት። «ሌሎቹ አምስት አጥቢያዎችስ?» አሉ። አላውቅም አልኩ። በሥራ ዘመኔ አላውቅም ስል የመጀመሪያዬ ነው።

ለገዥው መቅረቡ እስከ ማክሰኞ ይዘገያል። ኃላፊነቱን እርሳው አሉኝ። ስድስቱንም አጥቢያ በእግሬ፣ በር በር እያልኩ እንደገና እቆጥራለሁ። ለአያ ገብሬም ትእዛዝ ይጻፋል፤ ደንቡ ሳይፈረም ማንም ማንንም አያስወጣም።

ከዚያ ምላጭ አምጥቼ አረንጓዴውን ፋቅሁት። ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ጠልቋል፤ በቀላሉ አይወጣም። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ያ የኮራሁበት ወረቀት መሃሉ ሻከረ፣ አንድ ቦታ ተበስቶም ብርሃን ያሳያል። በላዩ ቢጫ ቀባሁና «የሸክላ ሠሪዎችና የቀጥቃጮች መንደር» ብዬ ጻፍኩ። አንቀጽ አራትንም ለወጥኩ። «ሰው የሚኖርበት ቤት፣ ባለርስትም ይሁን ጭሰኛ፣ በዚህ ደንብ ምክንያት አይነሣም።» እንደ በፊተኛው አያምርም፤ ረዘመ። የከብት ገበያው ቦታ እንደገና ጠፋ። ካህናቱ ይታገሡ።

ገዥው «ጭሰኛ» የሚለውን ቃል ይሰርዙት ይሆናል አሉ አለቃዬ። እንጃ። ማክሰኞ ይለያል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ ፲፪

ቆጠራውን ከፀዳ ጀመርኩ። ዐሥራ አንድ በር አንኳኳሁ፤ አራቱ ተደበቁ፣ አንዱ ውሻ ለቀቀብኝ። ሱሪዬ ተቀደደ።

አያ ገብሬ መንገድ ላይ አግኝተውኝ ሰላምታዬን በአንገታቸው ብቻ መለሱ። ለእነዚያ ብለህ ነው አሉ። ተሳስቼ ነው አልኳቸው። ሰው ተሳስቶም ዝም ይላል አሉና አለፉ።

እግረ መንገዴን ጉብታው ላይ ወጣሁ። ወንዙን ተሻግሬ በራቸውን ላንኳኳ አልሄድኩም፤ ሰንበታቸው ነው፣ በሰንበት ወንዝ ወርዶ መታጠብን ላመጣባቸው አልፈልግም። ተቀመጥኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ጣራዎቹ በዛፎቹ መሃል ጫፍ ጫፋቸው ይታያል። ብዙ ጠበቅሁ። አንድም ጭስ አልወጣም።

ደብተሬን አውጥቼ ሠላሳ አራት ብዬ ጻፍኩ።