በፕሮኾር ጀርባ ላይ የተካሄደው ጦርነት

ለውድ ወንድሜ ለአርሴኒ፤

ከዚያ ከሰሜኑ ውርጭ ጋር እንዴት ከረምክ? ጥርስህስ ተነቀለ ወይስ ዛሬም ታባብለዋለህ? የሚስትህ የጋሊና ጉልበት እንዴት ነው? ልጆቹስ አደጉልህ? እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። ደህና ነን እንዳልልህ ግን ይህን የምጽፈው ቀኝ እጄን በፋሻ ጠቅልዬ በግራዬ ነው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ።

ባሌ ፕሮኾር ባለፈው ክረምት ሰክሮ ምድጃውን በመጥረቢያ እንደፈለጠው፣ የእኔንም ጎድን እንደሰበረው ታውቃለህ። "ወይ መጠጥ የሚያስተው መድኃኒት ይቀበርብሃል፣ ወይ እኔ እቀብርሃለሁ" ብዬ ከተማ ወሰድኩት። ሐኪሙ ከትከሻው በታች ቆዳውን ቀዶ እንክብሎች ከተተለትና፣ "ይህ ባንድ ጊዜ አያልቅም፤ ዓመት ሙሉ ጥቂት በጥቂት ወደ ደምህ ይገባል። በላዩ አንዲት መለኪያ ቮድካ ብትጨምርበት ፊትህ ይነድዳል፣ ልብህ ይጋልባል፣ ከዚያ ቄስ ይጠራል" አለው። ፕሮኾር ሚሊሺያ አይፈራም፣ ይህን ግን ፈራ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን አንድ ሳህን አልተሰበረም። ልጃችን ኡሊያናም አባቷ ባለበት ለመዳር ደፈረች፤ ሰርጉ ድንች ከተለቀመ በኋላ ነው።

ታላቁ ሊቅ፣ የባሌ ወንድም ጌናዲ፣ "በልጁ ሰርግ ውሃ የሚጠጣ አባት ምን የሚሉት አባት ነው?" እያለ ይመላለስ ጀመር። ትራክተር ሲጠግን የተገለጠለት ጥበብ አለው፤ "ቅባት ሲረጋ ምን ይደረጋል? ይሞቃል! የዓመቱን መድኃኒት በእንፋሎት ባንድ ቀን አቅልጠን በላብ እናወጣዋለን" አለ። ሐሙስ ዕለት ከጓሯችን የእንፋሎት ቤት ይዞት ገባ፤ ድንጋዩን አግሎ ጀርባውን በበርች ቅጠል እስር ይወቅጠው ጀመር። እኔ ሞኟ ኪያር በጨው እየደረደርኩ፣ "እሰይ፣ ይታጠቡ" እላለሁ።

"ወጣ?" ይላል ፕሮኾር።

"ኧረ ግትር ነው፤ ይኸው በጣቴ እዳብሰዋለሁ፣ እዚሁ ተጎልቷል!"

"በቃ ተወዋ።"

"ዝም በል! ወንድ አይደለህም እንዴ?"

ቀጥሎ እንደ በሬ ያለ ጩኸት ሰማሁ። በሩን በርግጄ ስገባ ሊቁ የዓሣ ቢላውን ባሌ ጀርባ ውስጥ እያሽከረከረ ይፈልጋል። አግዳሚው ደም ለብሷል። መስኮቱ ላይ የቮድካ ጠርሙስ ተራውን ይጠብቃል።

አርሴኒ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን የምስም ሴት ነኝ። በፍሕም አካፋው መጀመሪያ ጠርሙሱን ፈጨሁት፤ ቀጥሎ ለጌናዲ አቀመስኩት። የፈላ ውሃ በባልዲ ደፋብኝ፤ የእጄ ቆዳ ተገፈፈ። ደገምኩለት። አፍንጫው ወደ ግራ ጆሮው ፊቱን አዞረ። "አበደች! ሴትዮዋ አበደች!" እያለ እርቃኑን፣ መቀመጫው ላይ ቅጠል እንደተለጠፈበት፣ በድንቹ ማሳ መሃል ፈረጠጠ። የጎረቤት ውሾችም በክብር ሸኙት።

የጤና ኬላዋ ሲስተር ፋይና መጥታ ቁስሉን አጠበች፣ ፈታተሸች፤ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ራይሳ፣ እዚህ ምንም የለም። ጌናዲ የዳበሰው ጠባሳውን ነው። የከተቱለት ዓመት የሚቆይ አልነበረም፤ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሟሙቶ አልቋል" አለችኝ። አስበው፤ ቤቴን እስከ ዛሬ ያቆመው ባዶ ጠባሳ ነው! ፕሮኾር በሆዱ ተኝቷል፤ ይስማ አይስማ አላወቅኩም። ከሰማ ግን የኡሊያና ሰርግ በምን እንደሚያልቅ አወቅኩ።

እሱ ግን ፊቱን ከትራሱ ሳያነሳ፣ "ሲስተር" አላት።

"ወዬ።"

"የቀረውን መድኃኒት ውስጡ አድርገሽ ስፊው። አጥብቀሽ። የልጅ ልጅ እስካይ ድረስ እንዲበቃኝ።"

ፋይና ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ወፍራሙን ክር መረጠች።

እንግዲህ ለሰርጉ ሁላችሁም ኑ፤ ዓሣ አምጡ፣ ጠርሙስ ግን እዚያው ይቅር። እማማ ግንባርህን ትስማለች፤ ስለ ደሙ "አሳማ አርደን ነው" ብያታለሁ። ኡሊያና ጋሊናንና ልጆቹን ናፍቃለች። ፕሮኾርም ሰላም ብሎሃል፤ በሆዱ እንደተኛ ነው።

እህትህ ራይሳ
ሶስኖቭካ መንደር፣ ኦገስት 19 ቀን 1994