ዳኛው የጠየቋቸው ግብ ጠባቂ፦ አቶ ቦንዶ ሎምታቲዜ (1957–2023)

አቶ ቦንዶ ሎምታቲዜ ከአባታቸው ከአቶ ኢፖሊቴ ሎምታቲዜና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዳሪኮ ሙርቫኒዜ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 1957 በጉሪያ አውራጃ፣ ናጎሚ በምትባል የሻይ መንደር ተወለዱ። አባታቸው የሻይ ፋብሪካው መካኒክ፣ እናታቸው ሻይ ለቃሚ ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው በሕፃንነቱ ስለሞተ ያደጉት ከታናሽ እህታቸው ከወይዘሮ ናርጊዛ ጋር ሁለት ሆነው ነው። ይህን ታሪክ ያሰናዱትም እኚሁ እህታቸው ናቸው።

የመንደሩ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት ከፋብሪካው ጀርባ ባለው ተዳፋት ላይ ነበር። ከአንደኛው ግብ ኋላ ገደል ስለነበር፣ ኳስ የገባበት ልጅ ራሱ ወርዶ ያመጣታል የሚል ደንብ ነበራቸው። ቦንዶ ሯጭ ስላልነበሩ ግብ ላይ ያቆሟቸው ነበር። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሰባት ጊዜ ገደል የወረዱበት ቀን እንደነበር እህታቸው ያስታውሳሉ። ግብ ጠባቂነትን ማን እንዳስተማራቸው ሲጠየቁ፣ “መውረዱ ሲሰለቸኝ መያዝ ጀመርኩ” ይሉ ነበር።

የአሥር ዓመት ትምህርታቸውን በመንደራቸው ጨርሰው ከ1975 እስከ 1977 ወታደራዊ አገልግሎታቸውን በኡራል ፈጸሙ፤ በዚያም ለክፍለ ጦሩ ቡድን ተሰለፉ። ሲመለሱ የአካባቢያቸው ከተማ ቡድን ሁለተኛ ግብ ጠባቂ አድርጎ ወሰዳቸው። አራት ዓመት ሙሉ በተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በእነዚያ ዓመታት ስላደረጉት ነገር የሚጻፍ ብዙ የለም፤ ዝናብ ሲዘንብ ወንበሩ ጣሪያ እንዳልነበረው ብቻ ይናገሩ ነበር። በ1982 የአንደኛው ግብ ጠባቂ የአንገት ሥር አጥንት ሲሰበር ተራው ለአቶ ቦንዶ ደረሳቸው፤ ከዚያም ማልያውን ለማንም አላስረከቡም።

በዚሁ ጊዜ የግራ ትንሽ ጣታቸው በተደጋጋሚ ይሰበር ነበር። ጣቱን የምታስርላቸው የከተማው ሆስፒታል ነርስ ላማራ ነበረች። ጣቱ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰብሮባቸው ሲመጡ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ኳስ ነው የምትይዘው ወይስ እኔ ጋ መምጫ ነው የምትፈልገው?” አለቻቸው። አቶ ቦንዶ ሁለቱም እንደሆነ ነገሯት። በ1983 መከር ላይ ተጋቡ፤ ሾረናንና ባድሪን ወለዱ።

አሁን ወደ ኖቬምበር 14 ቀን 1987 እንመጣለን። ቤተሰቡ ይህን ቀን እናንሣው አናንሣው ብሎ ተነጋግሮበት ነበር። አቶ ቦንዶ ግን በሕመማቸው ወራት እህታቸውን ጠርተው፣ “ያቺን ቅዳሜ እንዳትዘያት። እንዳታሳምሪያትም” ብለዋቸው ስለነበር እንዳለች ትነገራለች።

የውድድሩ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። ከተማችን ከቮልጋ ዳርቻ ከመጣ ቡድን ጋር ነበር የምትጫወተው። አቻ መውጣት ብቻ ይበቃ ነበር፤ አቻ ብንወጣ በታሪካችን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ላይኛው ሊግ እናልፍ ነበር። ሰው ከየመንደሩ በጭነት መኪና ተጭኖ መጥቷል። የወይን ጠጁ ጋን ተከፍቷል፤ አሳማውም ከጠዋት ጀምሮ እየተጠበሰ ነበር። እስከ ሰማንያ ስድስተኛው ደቂቃ ዜሮ ለዜሮ ነበሩ።

በዚያች ደቂቃ ከሩቅ የተመታች ኳስ የግቡን አግዳሚ ብረት ከሥሩ መትታ ወደ መሬት ወረደች፤ ነጥራ ስትወጣ አቶ ቦንዶ ደረታቸው ላይ ያዟት። እንግዶቹ “ገባች!” ብለው እጃቸውን አነሡ። ከቪልኒየስ የመጡት ዳኛ አላዩም፤ የመስመር ዳኛውም ጭቃው አንሸራትቶት ወድቆ ነበር። የቡድኑ አምበል አቶ ኩኩሪ ቺጎጊዜ ከቋሚው አጠገብ ስለነበሩ ሮጠው ሄዱና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ “አልገባችም! በእናቴ ይሁንብኝ፣ መስመሩንም አልነካች!” አሉ። ዳኛው እሳቸውን አልፈው ወደ ግብ ጠባቂው መጡ።

“አንተ ንገረኝ፤ ገብታለች ወይስ አልገባችም?”

አቶ ቦንዶ ኳሷን እንዳቀፉ ዞረው መስመሩን አዩ። ከዚያ፣ “ገብታለች” አሉ።

ጨዋታው አንድ ለዜሮ አለቀ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም ድንጋይ አልወረወረም። ሰው ወደ መኪናው ተመልሶ ገባ፤ አሳማውን ማን እንደበላው እስከ ዛሬ አይታወቅም።

አቶ ቦንዶ መልበሻ ክፍሉን የለቀቁት ብቻቸውን ነበር። አባታቸው አቶ ኢፖሊቴ ከስታዲየሙ በር ላይ ጠበቋቸው።

“ዳኛው አላየ፣ መስመር ጠባቂው አላየ። አንተ ምን ቤት ነህ?” አሏቸው።

“ጠየቀኝ እኮ፣ አባባ።”

“ቢጠይቅህስ?”

 አባታቸው የልጃቸው መኪና ውስጥ አልገባም ብለው አሥራ አንዱን ኪሎ ሜትር በእግራቸው ወደ ናጎሚ ሄዱ። ልጃቸው በመኪናቸው በዝግታ እየነዱ እስከ ቤት ድረስ ከኋላ ተከተሏቸው።

አቶ ቦንዶን ስለዚያ ቀን የሚያወድስ ሰው ሲያጋጥማቸው ፊታቸው ይጠቁር ነበር። “ዳኛው ባይጠይቀኝ እኔም ዝም ብዬ ኳሷን እለጋት ነበር” ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ሲመሩ ሰዓት የሚገድሉ፣ በማዕዘን ምት የአጥቂ ማልያ የሚጎትቱ፣ ሳይነኩ የሚወድቁ ግብ ጠባቂ እንደነበሩ አብረዋቸው የተጫወቱ ሁሉ ይመሰክራሉ።

ያ ክረምት ከባድ ነበር። ቡድኑ ውላቸውን አላደሰም። ዳቦ ሻጯ መደርደሪያው ሞልቶ ሳለ “አልቋል” ትላቸው ጀመር። ሆስፒታል ውስጥ አንድ በሽተኛ ከወይዘሮ ላማራ እጅ መርፌ አልወጋም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት አቶ ኩኩሪ፣ የሾረና የክርስትና አባት ሆነው ሳሉ፣ ሰላምታ ነሷቸው። ወይዘሮ ላማራ፣ “ጣትህ ሲሰበር አስሬልሃለሁ፤ ይሄን ግን እንዴት እንደማስረው አላውቅም” አሏቸው። በ1988 ማርች ላይ እቃቸውን ጭነው ወደ ወደቧ ከተማ ወደ ፖቲ ሄዱ።

በዚያች ከተማ ቡድን ስምንት ዓመት ተሰለፉ። አገራችን ነጻ ከወጣች በኋላ ለብሔራዊ ቡድኑ እንደ ሦስተኛ ግብ ጠባቂ አንድ ጊዜ ተጠርተዋል፤ አልተሰለፉም። የልምምድ ማልያውን ግን በሳጥን አስቀምጠውታል።

ከእነዚያ ዓመታት የሚነገረው በ1992 መከር የሆነው ነው። አገሩ በየፊናው የታጠቀበት፣ መብራትም ነዳጅም የጠፋበት ጊዜ ነበር። ቡድኑ ለጨዋታ ወደ ኩታይሲ ሲሄድ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አውቶቡሱን አስቆሙ። ነዳጅ ነበር የሚፈልጉት። ከኋላው መቀመጫ ሥር በብርድ ልብስ የተሸፈኑ ሁለት ጀሪካኖች ነበሩ፤ ያለ እነሱ ቤት መመለስ አይቻልም። ሾፌሩ የለንም ቢል አላመኑትም፤ አንዱ በሰደፍ መታው። አለቃቸው በመቀመጫዎቹ መካከል ሲያልፍ አቶ ቦንዶ ፊት ቆመ።

“አንተ ያ ‘ገብታለች’ ያልከው በረኛ አይደለህም?”

“ነኝ።”

“በቃ፣ ይሄ ሰውዬ አይዋሽም!” አለ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ። “እስቲ አንተ ንገረኝ፤ ነዳጅ አላችሁ?”

“ጠብታ የለንም” አሉ አቶ ቦንዶ።

ለቀቋቸው። አውቶቡሱ መንገዱን እስኪጨርስ ድረስ ተጫዋቾቹ እየተንፈራፈሩ ሳቁ፤ ሾፌሩ እንኳ ደም እየጠረገ ይስቅ ነበር። አቶ ቦንዶ አልሳቁም። በሚቀጥለው እሑድ ለንስሐ አባታቸው ተናገሩ። ካህኑ ይቅር ካሏቸው በኋላ ነዳጁ ለመልስ በቅቶ እንደሆነ ጠየቋቸው ይባላል።

በ1996፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ መጫወት አቆሙ። በዓመቱ አባታቸው ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሲሆን ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ናጎሚ ተመለሱ። አባታቸውን አራት ዓመት አጠቡ፣ አጎረሱ። አቶ ኢፖሊቴ በ2001 እስኪያርፉ ድረስ ስለዚያች ቅዳሜ አንድ ቃል አላነሱም፤ ልጃቸውም አላነሱባቸውም። ከዚያ በኋላ በስፖርት ትምህርት ቤት ግብ ጠባቂዎችን ማሠልጠን ጀመሩ፤ ከ2004 ጀምሮም ሴቶችን ጨምረው ያሠለጥኑ ነበር። ጠባያቸው ቁጡ ነበር፤ ምስጋናቸው “እምም” ከምትባል ድምፅ አታልፍም።

በ2011 እናታቸው ወይዘሮ ዳሪኮ አረፉ። በጉሪያ የተጣላም ሰው ለቀብር ይመጣልና አቶ ኩኩሪም መጡ። እንደ ባህሉ ሣጥኑን ዞረው ቤተሰቡን አጽናኑ። ከቀብር መልስ በማዕዱ ላይ ቀድሞ ከተቀመጡበት ተነሥተው አቶ ቦንዶ አጠገብ ተቀመጡ። ሁለቱም ባቄላውን አልነኩም። ሃያ አራት ዓመት ሳይነጋገሩ ቆይተው የተባባሉትን ወይዘሮ ናርጊዛ ወይን እየቀዱ ሰምተዋል።

“ቦንዶ፣ ኳሷ ስትወርድ ከአንተ ይልቅ ለእሷ የቀረብኩት እኔ ነበርኩ” አሉ አቶ ኩኩሪ።

“አውቃለሁ።”

“ገብታ ነበር። በዓይኔ አይቻታለሁ። በእናቴ ምዬ ዋሸሁ፤ እናቴ ደግሞ በዓመቷ ሞተች።”

“ማየትህንም አውቃለሁ። አሻግሬ አየሁህ እኮ።”

አቶ ኩኩሪ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። “ታዲያ ከተማው ሁሉ ሲተፋብህ፣ እኔም አብሬ ስተፋብህ፣ ‘ኩኩሪም አይቷል’ ብለህ ለምን አንድ ቀን አልተናገርክም?”

“ማንም አልጠየቀኝም” አሉ አቶ ቦንዶ።

አቶ ኩኩሪ በሰው ፊት አለቀሱ። አቶ ቦንዶ ዳቦ ቆርሰው ሰጧቸው።

በ2022 ጸደይ አቶ ቦንዶ የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሐኪሙ ለልጆቻቸው ብቻ ሊነግር ቢፈልግ፣ “ታማሚው እኔ ነኝ፤ ለኔ ንገረኝ” አሉት። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ወይዘሮ ላማራ ከአልጋቸው ሥር አልተለዩም። በመጨረሻዎቹ ወራት በየሐሙሱ ጢማቸውን ይላጩላቸው የነበሩት አቶ ኩኩሪ ነበሩ። ኦክቶበር 9 ቀን 2023 ንጋት ላይ፣ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው፣ በቤታቸው አረፉ።

አቶ ቦንዶ ሎምታቲዜ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ላማራን፣ ልጆቻቸውን ሾረናንና ባድሪን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ናርጊዛንና ቁጥራቸውን ማንም በትክክል የማያውቀውን ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል። ሣጥን መሸከም በአገራችን የወንድ ሥራ ሆኖ ቢኖርም፣ ያሠለጠኗቸው ሴቶች ለመሸከም ቤተሰቡን ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል። ዛሬ የሚሸከሟቸው ስድስት ግብ ጠባቂዎች ናቸው፤ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። መንገዱ በዝናቡ ስለሚያንሸራትት ተሸካሚዎቹ በዝግታ እንዲሄዱላቸው፣ ከኋላ የምትከተሉትም እንዳትቸኩሉ ቤተሰቡ ይለምናል።

ፈጣሪ ለነፍሳቸው ብርሃን ያውርድላቸው፤ የናጎሚ አፈር ይቅለላቸው፤ የቀሩትንም በደጅ በመስኮቱ ይጠብቅልን። አሜን።