አዲሱ ወገን

ለምወድሽ እታለም፣

«ነቀዝ ደግሞ ምኑ ይጠናል?» ማለትሽ አይቀርም፤ ስመረቅም ብለሽኛል። ለመሆኑ ጉሮሮሽ ተሻለሽ? የእማዬ ጉልበትስ? እኔ ደህና ነኝ፣ እጮኛሽ በንዴት ካልገደለኝ።

አለቃዬ ነውና ቢሮ ውስጥ «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ደብዳቤ ላይ ግን እጄ እንቢ አለኝ።

የኛ ነቀዝ እህል አይነካም፤ በሞተ እንጨት ላይ የሚያድገውን ሻጋታ ነው የሚበላው። እጮኛሽ ከአንድ የበሰበሰ ግንድ ላይ ሁለት ዓይነት ለቀመ፤ የአንደኛው ቀንድ፣ ማለት መዳሰሻው፣ ከገላው ይረዝማል፤ የሌላው አጭር ነው። ባለ አጭሩ ድሮም የሚታወቅ ነው። ባለ ረጅሙን ግን «አዲስ ወገን አገኘሁ!» አለ። ወገን የምንለው የሚዛመዱ ዝርያዎች የሚሰባሰቡበትን ነው። ለሰርግሽ ስጦታ ብሎም ባንቺ ስም ሰየመው፤ ለሳይንስ መጽሔት የሚልከውን ጽሑፍም አዘጋጀ። ኮሌታውን እያስተካከለ በየቢሮው ሲያወራ ብታዪው!

እኔ ደግሞ ሁለቱንም ከግንዱ ቁራጭ ጋር አንድ ጠርሙስ ውስጥ ጨመርኳቸው። ጠዋት ስመጣ ባለ ረጅሙ ባለ አጭሯ ላይ ወጥቶ አገኘሁት። ባልና ሚስት ናቸው እኮ፣ እታለምዬ! በነዚህ ነቀዞች ዘንድ የወንዱ ቀንድ መርዘሙ የተለመደ ነው። ወንድና ሴት ለይቶ የማያውቅ ሰው ነው እንግዲህ ሊያገባሽ የተነሳው።

ጠርቼ አሳየሁት። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ቆየና «በሩን ዝጊው» አለኝ። ተሳሳትኩ ማለት የት አባቱ! «እህትሽ ደስ ብሏታል፤ ከሰርጉ በኋላ ቀስ ብለን እናርመዋለን። ያንቺም ስም ጽሑፉ ላይ ይገባል» አለ። «እሷ አሁኑኑ ብታውቀውስ?» ስለው፣ «አንቺ ግን የማን ወገን ነሽ?» ብሎ አፈጠጠብኝ። ቋሚ ቅጥሬ በሱ እጅ መሆኑንም ሳያስታውሰኝ አልወጣም።

መሳሳቱንስ ማንም ይሳሳታል። የናቅኩት ያቺን «ከሰርጉ በኋላ ቀስ ብለን» የምትለዋን ነው። የሆነ ቦታ ሰምቻታለሁ ብዬ ሳሰላስል ዋልኩ። ስለዚያች ስለምትደውልለት ሴት ስትጠይቂው «ከሰርጉ በኋላ ቀስ ብዬ አስረዳሻለሁ» አለኝ ብለሽ ስትስቂ አልነበር? እኔም አብሬሽ ስቄያለሁ።

ጠርሙሱን መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ ጥንዶቹ ሰላም ናቸው። ጽሑፉ ሳይላክ መጥተሽ በገዛ ዓይንሽ እዪ። ለኔ ሥራ አትጨነቂ፤ ነቀዝ የሌለበት አገር የለም። ፈጣሪ ልብሽን ያሳርፍልኝ፣ እማዬንም ያቆይልን። መቼ እንደምትመጪ ብቻ ቶሎ ጻፊልኝ።

ወገንሽ፣
ታናሽ እህትሽ