መርፌው ቀዩን ነክቶ ሳለ «ንጂ» ላለኝ ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የመንገድ ዳር ሥነ ሥርዓት ማስከበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና መሆኔን፣ መኪናዬም ከእኔ የተሻለ ደህና መሆኗን በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ዘሃራ ሰዲቅ እባላለሁ። ቦሌ ሚካኤል እኖራለሁ። መንጃ ፈቃዴ እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ከገባ ዘጠኝ ቀን ስለሆነው፣ የታክሲ ሾፌር ነኝ ከምል ነበርኩ ብል ይሻላል።

አቶ ወልደጻድቅ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ አሉ። በሳምንት ሦስት ቀን ከቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም አንስቼ የኩላሊት እጥበት ወደሚያደርጉበት ሆስፒታል አደርሳቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ የማሽን ተራቸው ጠዋት አራት ሰዓት ነበር። መገናኛ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋጋ፤ ቆመን ስንጠብቅ የሙቀት መርፌው ወጥቶ ቀዩን ነካ። ጥግ ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ኮፈኑን ስከፍት ሞተሩ እንደዚያ እየጋለ የራዲያተሩ ፋን አይዞርም።

አንደኛው ቅሬታዬ፣ ቅሬታ ከተባለ፣ ተቆጣጣሪዎ ፊሽካውን እየነፋ ደርሶ «ይሄ ጋራዥ አይደለም! አስነሺና ንጂ!» ማለቱ ነው። ምክሩን ብሰማ ኖሮ የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ተጣሞ መኪናዬም እንጀራዬም በአንድ ቀን በቀሩ ነበርና፣ ለሙያዊ ድጋፉ ምስጋናዬ የላቀ ነው። «ወንድሜ፣ ሞተሩ ይቃጠላል፤ በሽተኛም ይዣለሁ» ስለው፣ «በሽተኛ ከያዝሽ ለምን ትቆሚያለሽ?» አለኝ።

ሁለተኛ፣ ጋሼ ወልደጻድቅን ለመውሰድ የቆሙ ሁለት ታክሲዎችን በዚያችው ፊሽካ አባሯቸዋል።

ሦስተኛውን በዝርዝር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ። ጋሼ ወርደው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ ያበጠ እግራቸውን ዘርግተው በቃል ይመሩኝ ጀመር። «ልጄ፣ መጀመሪያ ፊውዙን እዪ» አሉኝ። ፊውዙ ደህና ነበር። «እንግዲያው የክላክሱን ሪሌ፣ ያንን ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ትንሽ ሳጥን፣ ንቀዪና በፋኑ ሪሌ ቦታ ሰኪው» አሉኝ። ፋኑ አሁንም አልዞረም። በመጨረሻ የፋኑን ሶኬት ነቅዬ በሁለት ሽቦ፣ መሃሉ ላይ ፊውዝ አስገብቼ፣ ከባትሪው ጋር በቀጥታ ሳገናኘው ዞረ! ፋኑ ጤነኛ ነው፤ ሥራውን ያቆመው ሙቀት ሲጨምር ፋኑን የሚያስነሳው ስዊች ነው። ከሰዓት በኋላ ቦሌ ሚካኤል ያሉ መካኒኮችም ይህንኑ አረጋግጠው ቀይረውልኛል። ሙቀቱ ሲጨምር ተቀምጦ እያየ ምንም የማያደርግ ዕቃ ምን እንደሚመስል ለእርስዎ ማስረዳት ግን ድፍረት ይሆንብኛል።

እኛ ይህን ስንሠራ ተቆጣጣሪዎ መንጃ ፈቃዴን ተቀብሎ ክሱን ይጽፍ ነበር። የጋሼ ሰዓትም እያለፈ ነበር። «ሲበርድ እነዳለሁ፤ እስከዚያ አልነዳም» አልኩት፤ እንዳልኩትም አደረግኩ። ሆስፒታል የደረስነው ሃምሳ ደቂቃ አርፍደን ነው። ነርሷ ደግ ሆና ተራቸውን አላሳለፈችባቸውም፤ ነገር ግን አራት ሰዓት ከሚፈጀው እጥበት አንድ ሰዓት ተቀነሰ። እስከሚቀጥለው ተራቸው ድረስ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ጋደም ማለት እያቃታቸው፣ ቁጭ ብለው ነው ያደሩት። ይህ በተቆጣጣሪዎ የክስ ወረቀት ላይ አልሰፈረም፤ መስመር አንሶት ይሆናል።

አራተኛ፣ በማግስቱ ቢሮዎ ስቀርብ፣ መንገዱን ጋራዥ ማድረጌን አምኜና ተጸጽቼ ይቅርታ እንደምጠይቅ የሚገልጽ ወረቀት በደግነት ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ከፈረምኩ መንጃ ፈቃዴን እዚያው እንደምወስድ ተነገረኝ። አልፈረምኩም። አልፈርምምም። ነገም መርፌው ቀዩን ከነካ እቆማለሁ፣ ኮፈን እከፍታለሁ፣ ፊሽካ የፈለገውን ያህል ይነፋ። ጋሼን እስከዚያው ጓደኛዬ ሱሀይላ እያመላለሰችልኝ ነው። ማክሰኞ እጥበት ስለሌላቸው፣ ሦስት ሰዓት ላይ አብረን ቢሮዎ እንገኛለን፤ እሳቸው ምስክሬ ናቸው። መንጃ ፈቃዴን ሳልቀበል አልወጣም።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳልጠይቅ ዕረፍት ስለፈቀዱልኝ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ከፍ ያለ አክብሮቴን ዝቅ ከማይለው አንገቴ ጋር አቀርባለሁ።

ዘሃራ ሰዲቅ
ያልፈረመችው

ማስታወሻ፦ ትናንት በቢሮዎ በር ሳልፍ የእርስዎ የሥራ መኪና መንገዱ መሃል ኮፈኗ ተከፍቶ እንፋሎት ስትተፋ፣ ያው ተቆጣጣሪዎም ሌሎች መኪኖች ዞረው እንዲያልፉ በትሕትና ሲለምን አየሁ። አደራዎን፣ የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ እንዳይከፍቱት፤ ፊትዎን ያቃጥልዎታል። እኔ ደግሞ ማክሰኞ ፊትዎን ማየት እፈልጋለሁ።