ዕድሜዋ የተጻፈበት ዳዊት

ይድረስ ለወንድሜ ለከፋለ አዝመራው፤
አሰብ።

ከፋልዬ፣ እንዴት ሰነበትህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለፈው የጻፍክልን የጀርባህ ሕመም ተወህ ወይስ አሁንም ጆንያ ስታነሳ ይወጋሃል? ሙቀቱስ? የላስታ ልጅ በዚያ እሳት በሆነ አገር እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል እያለች እናታችን ዘወትር ታነሳሃለች። እኛ የአሸተን ማርያም ጠብቃን፣ ከነጣጣችን አለን። አባታችን ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ቆመው ይሄዳሉ። ቦራዋ ላም ወልዳለች፣ ወይፈን ነው። ገብሱ ገብቷል። ይህን ሁሉ ያስቀደምኩት እንዳትደነግጥ ብዬ ነው፤ እጄ ግን ከተቀመጥኩ ጀምሮ ወደ ሌላው ነገር እየተጣደፈ አስቸግሮኛል።

እንግዲህ የምፈልገውን መጀመሪያ ልንገርህ፣ ምክንያቱን ከታች ታነበዋለህ። ዲያቆን ስትሆን አያታችን መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ የሰጡህን ዳዊት ላክልኝ። ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ቀን ላከው። እስከ ጥር ዐሥር፣ ማለትም እስከ ከተራ እጄ ካልገባ ጥቅም የለውም። መጨረሻው ላይ ያለውን ቅጠል ገንጥለህ ደግሞ እንዳትልክ። ሙሉውን ከነማኅደሩ ነው የምፈልገው።

ነገሩ የትንሿ እህታችን የሸጌ ነው። ከመስቀል በኋላ በሳምንቱ፣ ከወፍጮ ስትመለስ፣ ሙሉሃብት ከገደሉ ሥር ጠብቆ ያዛት። ሙሉሃብትን ታውቀዋለህ፤ የክርስትና እናቴ የወለተ ሩፋኤል ልጅ ነው። አሁን የገበሬ ማኅበሩ አብዮት ጥበቃ ሆኖ ጠመንጃ ይዟል። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ስሕተት ይሉታል፣ አንዳንዱ ደግሞ የወጣት ነገር ይላል። እኔ በስሙ እጠራዋለሁ፤ ደፈራት። ልጅቷ ዱቄቱን ሳታፈስ ተሸክማ ቤት ገባች፣ ከጓዳ አስቀመጠችው፣ ከዚያ ነው ወድቃ የጮኸችው። ያን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። እስካሁን ያልጻፍንልህ አባታችን ከልክለው ነው፤ ከሰማ ደም ሊያፈስ ይመጣል ብለው ፈሩ። አሁን ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ፣ ወንድ ልጅ አልወለድኩም ወይ እያሉ ብቻቸውን ያወራሉ።

ዝም አላልንም። እኔና እናታችን እሷን ይዘን ከተማ ወርደን ከሰስን፣ ሐኪም አየልን፣ ወፍጮ ቤት የነበሩ ሁለት ሴቶችም መሰከሩ። ኅዳር ዐሥር ቀን ፍርዱ ተነበበ። በዚያው ጠዋት፣ ከኛ በፊት፣ አንድ የሰው በሬ ሰርቆ የነዳ ሰው ሦስት ዓመት ተፈረደበት። የሙሉሃብት ተራ ሲደርስ ጥፋተኛ ነው አለ ዳኛው። ልቤ ዘለለ። ቀጥሎ ግን ልጅቷ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ናት፣ ተከሳሹ ከዚህ በፊት ጥፋት የለበትም፣ አራሽ ገበሬ ነው፣ አዝመራውም ሜዳ ላይ ነው ብሎ ስድስት ወር በገደብ ፈረደ። በገደብ ማለት ምን እንደሆነ አላወቅኩም ነበር፤ ጸሐፊውን ብጠይቀው ሌላ ጥፋት ካላጠፋ አይታሰርም አለኝ። እውነትም ሙሉሃብት ከኛ ቀድሞ ቤቱ ገባ። እኛ ሽቅብ አቀበቱን ስንወጣ እናታችን አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች፤ ከበሬ አነስን አለች።

አሁን ደግሞ አንተ ልትጠላኝ የምትችልበትን ልጻፍ። ዐሥራ ስምንት የሚለውን ከየት አመጣው? ከሴቶች ማኅበር መዝገብ ነው ያመጣው። መዝገቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አምና ማኅበሩ ሲቋቋም አርባ አባል ካልሞላችሁ አትታወቁም ተባልን፤ ሠላሳ ዘጠኝ ነበርን። ፊደል በመቁጠሬ ጸሐፊ አድርገውኝ በትዕቢት አበጥኩ፣ ሸጌም ከኔ ጋር ስብሰባ ልግባ እያለች ታለቅስ ነበር። ምን ይጎዳል ብዬ፣ ዕድሜ ዐሥራ ስምንት ብዬ ጻፍኳት። ዳኛው መዝገቡን ከፍቶ ስሜንና ፊርማዬን ጭምር ጮክ ብሎ ሲያነብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተነሥቼ ዋሽቼ ነው፣ ልጅቷ ገና ዐሥራ አራተኛ ዓመቷን መያዟ ነው አልኩ። ያን ጊዜ ነው የዋሸሽው ወይስ አሁን ብሎ ጠየቀኝ። ሰው ሳቀ። አባታችን ሲጠየቁ የበልግ ልጅ ናት፣ ዝናቡ ጥሩ የነበረ ዓመት ነው አሉ እንጂ ዓመተ ምሕረቱን ከየት ያምጡት? ያጠመቃት ቄስም ዐርፏል።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ብታይ በአገርህ ትኮራ ነበር። ኅዳር ጽዮን ዕለት ከቅዳሴ ስንወጣ የማኅበራችን ሊቀ መንበር አሰለች ከደጀ ሰላሙ ቆመች። ያቺ ቀልደኛዋ አሰለች፣ ልጅ ሆነህ ዕንቁላል ስትሰርቃት ከነጅራፏ ያባረረችህ። ዳኛው ለሱ አዝመራ ካዘነ እኛም ለአዝመራው እናስብለት አለች። ለዚያ ሰው ደቦ ብቅል የምታበቅል፣ ጌሾ የምትወቅጥ፣ አንዲት እንጀራ የምታዋጣ ሴት ብትኖር ከዛሬ ጀምሮ እሳት አላስጭራትም ብላ ማለች። ሌሎቹም ተከትለው ማሉ። አሮጊቶቹ ሳይቀሩ። እኔ ጸሐፊዋ የማሉትን ስም ልመዘግብ ብል አሰለች አንቺ መጻፉን ተዪው፣ ያለፈውም ይበቃናል አለችኝ። የሚገባኝ ነበር።

የደቦው ዕለት ሃያ የሚሆን ወንድ ማጭዱን ይዞ ሜዳው ላይ ተገኘ። ያለ ቁርስ ጀመሩ፤ ቁርሱ መንገድ ላይ ነው ተባለ። ረፋድ ሆነ፣ ጠላ የለም። ቀትር ሆነ፣ እንጀራ የለም። አንዱ ተነሥቶ እስቲ ከቤት ልይ ብሎ ሄደ፣ አልተመለሰም። ሌላውም ተከተለው። በመጨረሻ ሙሉሃብት ብቻውን ከነማጭዱ ቀረ። ስንዴው ከዳር ጥቂት ታጭዶ ይኸው እስከ ዛሬ ቆሟል፣ ወፍ እየለቀመው ነው። በመንገድ ሳልፍ አየዋለሁ፣ እንደ ገበሬ ልጅ ያንገበግበኛል፣ እንደ ሸጌ እህት ደግሞ ደስ ይለኛል። ሁለቱ በአንድ ሆድ አልስማማ ብለውኝ እህል አልበላ ብያለሁ።

የክርስትና እናቴ ነገር ነበር የከበደኝ። ወለተ ሩፋኤል አሮጊት ናት፣ በዚያ ቤት ከሱ ሌላ ሰው የላትም። በማግሥቱ ቆሎና ሽሮ ይዤላት ሄድኩ፤ ታባርረኛለች ብዬ ነበር። ጎኗ አስቀመጠችኝና እጄን ያዘች። ጎረቤት ባያግዘኝም አንድ ጋን ጠላ መጥመቅ አያቅተኝም ነበር፣ እኔም ሴት ነኝ፣ እያወቅሁ ጋኑንም አላጠብኩ፣ ጌሾም አልወቀጥኩ አለችኝ። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ልጄ ነው፣ ምን ላድርገው፣ ልጄ ነው ትላለች። አብሬያት አለቀስኩ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ግን ስብሰባ ጠርቶ የኢኮኖሚ አሻጥረኞች ናችሁ አለን። ምርት አሰናክላችኋል፣ ይህ የአድኃሪ ሥራ ነው፣ ትታሰራላችሁ አለ። አሰለች ተነሥታ፣ ጓድ ሊቀ መንበር፣ ጠላ አለመጥመቅ አሻጥር ከሆነ ጠላ የሚጠምቅ ወንድ ያምጡና ማኅበር ያቋቁሙ አለችው። ወንዶቹ እንኳ ሳቅ አመለጣቸው። እሱ አልሳቀም፤ ስማችንን ጽፏል። ባሎቻቸው የሚያኮርፉባቸው፣ አንድም ሁለትም ዱላ የቀመሱ ሴቶች አሉ። እስካሁን ግን ማንም አላፈረሰም።

የሙሉሃብት ወገኖች ስንዴው መቆሙን ሲያዩ ሽማግሌ ላኩ። የነፍስ አባታችን አባ ተክለ ሚካኤልም አብረው መጥተዋል። የሚሉት ያግባት ነው። ካገባት ቂሙ ይቀራል፣ ልጅቷም ቤት ታገኛለች፣ እናንተም ከሐሜት ትድናላችሁ ይላሉ። አባታችን መጀመሪያ አባረሯቸው፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ አስቀመጧቸው፣ ሦስተኛ ጊዜ ከገና በኋላ ተመለሱ አሏቸው። ይህ ነው የሚያስጨንቀኝ። አባታችን ክፉ ሆነው አይደለም፤ ደክሟቸው ነው። ማን ይወስዳታል እያሉ ያዝናሉ። ሸጌ ይህን ከጓዳ ሆና ትሰማለች። በመጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ አሁን ሽማግሌ ሲመጣ የምትፈጭ አስመስላ ባዶውን የወፍጮ ድንጋይ ታንገጫግጫለች፣ ቃላቸው እንዳይሰማት።

ዳዊቱን የፈለግሁት ለዚህ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ ብቻዬን ተመልሼ ሄጄ ነበር። በተወለደች ጊዜ የተጻፈ ጽሑፍ ካመጣችሁ ይግባኝ ብዬ ነገሩን ደሴ እልከዋለሁ አለኝ። ዐሥራ አምስት ዓመት ላልሞላት ልጅ ሕጉ ሌላ ነው፣ ቅጣቱም ሌላ ነው አለ። ጊዜው ስልሳ ቀን ነው፣ ከተራ ዕለት ያልቃል። አያታችን የሁላችንንም ልደት ዳዊቱ መጨረሻ ላይ በባዶው ብራና ይጽፉ እንደነበር ነገርኩት። አንተም ታስታውሳለህ፤ ሸጌ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ጧፍ የያዝከው አንተ ነህ። በክርስትና ስሟ፣ ወለተ ኪዳን፣ በ፲፱፻፶፱ ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ ፳፫ በጊዮርጊስ ዕለት ተወለደች የሚል ይመስለኛል፤ ያኔ ማንበብ ስለማልችል አንተ ነህ ያነበብክልኝ። የተገነጠለ ቅጠል ማንም ዛሬ ሊጽፈው ይችላል ስላለኝ ነው ሙሉውን ላከው የምልህ። ደግሞም ዳዊቱ ከተገኘ አንቺ ሐሰተኛ መዝገብ በመጻፍ ልትጠየቂ ትችያለሽ ብሎኛል። ምናልባት ከሙሉሃብት በፊት እኔ እታሰር ይሆናል። ይሁን፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከፋለ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትቆጣ። ባለፈው ስትጽፍ ሥራ ጠፍቶ ሁለት ወር ተቸግሬ ነበር ብለሃል። ፈረንጅ ብራና እንደሚገዛ እዚህ ላሊበላም እናያለን። ሸጠኸው ከሆነ አልወቅስህም፣ እኔ ማንንም ለመውቀስ አፍ የለኝም። ግን አትደብቀኝ፤ ለማን እንደሸጥከውና ሰውየው የት እንዳለ ጻፍልኝ፣ ሄደህም ለምነው። ሌሊት ሌሊት የማስበው ይህንን ነው።

ደግሞ ጠመንጃ ይዘህ እንዳትመጣ። አባታችን ወንድ ከሆነ ይምጣ በይው ብለውኛል፤ ያሉትን አደረስኩ፣ የኔን ደግሞ ስማ። ብትገድለው እሱ የሚለቀስለት ይሆናል፣ አንተ ዕድሜ ልክህን ትታሰራለህ፣ የሸጌም ነገር ተረስቶ የናንተ የደም ነገር ብቻ ይወራል። እናታችንም ይህን አትችለውም። ሸጌ የምትፈልገው በደሏ እንዲታወቅላት ነው።

ይህን ደብዳቤ የያዘልህ የኩልመስክ ልጅ ደባሱ ነው፣ የጨው መኪና ረዳት ነው። አሰብ ሁለት ቀን ብቻ ይቆያል፣ ለገናም ይመለሳል። ዳዊቱን ለሱ ስጠው፣ ጨው እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልለው።

እናታችን ወይዘሮ አገሬ፣ እንዴት ነህ ልጄ፣ በቀትር አትሥራ፣ ውኃ ጠጣ ብላሃለች። አባታችን አዝመራው ሰላም ብለውሃል፤ ሲነበብ ልስማ ብለው ጉልበታቸውን ቅቤ ቀባ ቀባ አድርገው ተቀምጠዋል፣ አሁን ከጎኔ ናቸው፣ ሁሉንም ግን አላነበብኩላቸውም። አሰለች ዕንቁላሉን አልረሳሁትም በይው ብላለች። ወለተ ሩፋኤልም እንደምን ነህ ብላሃለች፤ ሰላምታዋን እንዳትጠላባት።

ሸጌ ደግሞ ሰላምታዬን ማንም አይጽፍልኝም፣ ራሴ እጽፋለሁ ብላ ብዕሩን ነጠቀችኝ።

ወንድም ጋሼ እንዴት ነህ። እኔ ደህና ነኝ። ዕድሜዬን ላክልኝ። ሸጌ አዝመራው

ላስታ፣ ከአሸተን ማርያም ሥር
ታኅሣሥ 5 ቀን 1973 ዓ.ም.