የድንች መድኃኒት ጀሪካን

የካቲት 4

አማቴ እመት ጥሩነሽ ጠበል የሚያስቀምጡበት ጀሪካን የድንች መድኃኒት የነበረበት ነው።

ዛሬ ገና አየሁት። ማሳ ላይ የሚረጨው። ምልክቱ ግማሹ ተልጧል። ከጣራ ገዳም ቀድተውበት ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ይጠጣሉ። ሆዴን ቆረጠኝ ካሉ ሰንብተዋል። እኔ ደግሞ የአካባቢ ጤና ባለሙያ! ባዶውን ዕቃ ለውኃ አታድርጉ እያልኩ ጋሳይ ድረስ እዞራለሁ።

መርዝ ነበረበት አልኳቸው።

"መድኃኒት አይደል የምትሉት? ጠበሉም መድኃኒት ነው። አንተ ሽንት ቤትህን ቁጠር።"

ከሠርጌ ጀምሮ የሚጠሩኝ ሽንት ቤት ቆጣሪው እያሉ ነው። መድኃኒት ያልነው እኛው ነን።

የካቲት 6

የወረዳ ስብሰባ። ደንቡን አቀረብኩ፦ ሻጭ ባዶውን ዕቃ መልሶ ይረከብ፣ ይብሳ። ላዩ ላይ በጉልህ "መርዝ" ተብሎ ይጻፍ። አንድ ነጋዴ ተነሣ። መርዝ ብዬ ጽፌ ማን ሊገዛኝ ነው አለ። ድንቹ ማንበብ አይችልም አልኩት። አዳራሹ ሳቀ። ደንቡ አለፈ!

ደብተሬ፣ ባንተ ፊት ካልኮራሁ በማን ፊት እኮራለሁ። ግን የቤቴ ጀሪካን እንደቆመ ነው።

የካቲት 9

እሑድ። የአማቴን የንስሐ አባት ለምኜ አመጣሁ። አባ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ። ስለ መርዝ ቃል አልተነፈሱም።

"እመት ጥሩነሽ፣ በዚህ ለእንግዳ ጠላ ይቀዳሉ?"

"ምን በወጣኝ! ይሸታል እኮ።"

"ለጠላ ያላጩትን ለጠበል?"

አማቴ ነጠላቸውን ሳቡ። ከዚያ ተነሥተው ጠበሉን እግር የማይረግጠው ጥድ ሥር አፈሰሱ። ጀሪካኑን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጡኝም። የስፌት ወስፌያቸውን አምጥተው ራሳቸው በሱት። ደጋግመው።

ነገ ጤና ጣቢያ ይታያሉ። እሺ ብለዋል።

የካቲት 15

ቅዳሜ። ሱቅ ነኝ፤ ጨው እየተመዘነልኝ ባንኮኒው ላይ እጽፋለሁ። ባለሱቁ እየሳቀ ወሬ ነገረኝ። አማቴ ወስፌ ይዘው ገበያ በር ላይ ተቀምጠዋል። ያገለገለ ጀሪካን የሚሸጠውን ሁሉ ያስቆማሉ፣ ያሸታሉ፣ የሸተተውን ይበሳሉ። ሻጮቹ ጮኸው ፖሊስ መጥቷል። በምን ሥልጣንዎ ቢላቸው፦

"ደንብ አለ። ያወጣው የልጄ ባል ነው።"

የልጄ ባል! ሽንት ቤት ቆጣሪው አላሉም።

ባለሱቁ ጨውህ ይለኛል። ይቆይ። ሄድኩ።